አጋም ከጫካ ወደ ግቢ አጥር፦ የጅማ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 2016 ዓ.ም.

የጀርባ አጥራችን ሽቦ ዝጎ አልቋል። አዲስ ሽቦ ከመግዛት አጋም ልተክል ወስኛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የሠራሁትንና ያየሁትን እዚህ እጽፋለሁ።

አጋም አጥር ይሆናል። ፍሬው ይበላል። አበባው ለንብ ቀለብ ነው። ሥሩ ደግሞ በየቤቱ የሚታወቅ የባህል መድኃኒት ነው። ይህን ሁሉ የሚሰጥ ቁጥቋጦ ሆኖ ሳለ ሰው ሲተክለው ግን አላይም። ሁሉም ከጫካ ይወስዳል፣ መልሶ የሚተካ የለም። ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ላይ በየመንገዱ ዳር የነበረው አጋም እየሳሳ ሄዷል። ከፊሉ ለማገዶ ተቆርጧል። ከፊሉ ለእርሻ ተመንጥሯል። ከፊሉ ደግሞ ሥሩ ለመድኃኒት ሲቆፈር ደርቆ ቀርቷል። ይህ የመጨረሻው በጣም ያሳዝነኛል። ፍሬ የሚለቅም ተክሉን አይገድልም። ቅጠል የሚቀነጥስም አይገድልም። ሥር የሚቆፍር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዋናውን ሥር ነው ይዞ የሚሄደው።

ለማያውቀው ሰው፦ አጋም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ እሾሃማ ቁጥቋጦ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካሪሳ ስፒናረም ነው፤ በቆዩ ጽሑፎች ካሪሳ ኤዱሊስ ተብሎ ይገኛል። እዚህ አካባቢ ኦሮምኛ ተናጋሪው አጋምሳ ይለዋል። ከአፍሪካ ተነስቶ በአረቢያና በሕንድ አድርጎ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ይበቅላል። ደረቅና ድንጋያማ ቦታ አይከብደውም። ቅጠሉ ወፈር ያለና አንጸባራቂ ስለሆነ ውኃውን ቶሎ አያባክንም።

ጅማ ግን ደረቅ አገር አይደለችም። በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድባታል። አፈራችን ቀይ፣ ሸክላ የሚበዛበትና አሲዳማ ነው። አጋም ድርቅን መቻሉን ማንም ያውቃል። የእኔ ጥያቄ የጅማን ክረምት እንዴት ይችለዋል የሚል ነው።

ኅዳር መጨረሻ

ፍሬ ለቀማ። የሄድኩት ዳገቱ ላይ ወዳሉት የቆዩ ቁጥቋጦዎች ነው። ከአንዱ ብቻ አልወሰድኩም። ከብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት ለቀምኩ። ሁሉም ችግኝ የአንድ እናት ልጅ ከሆነ አንዱን የጎዳ በሽታ ሁሉንም ይጎዳል።

ለዘር የሚሆነው ሙሉ በሙሉ የጠቆረው ፍሬ ነው። በጣት ነካ ሲያደርጉት ይለቃል። ቆዳው ስስ ነው፣ ውስጡ ቀይ ጭማቂ አለው፣ ጣፋጭ ሆኖ መጨረሻ ላይ ትንሽ ጎምዘዝ ይላል። በአንዱ ፍሬ ውስጥ ጥቂት ጠፍጣፋ ዘሮች ተጣብቀው ይገኛሉ። ገና ቀይ የሆነውን ከነከሱት ነጭ ወተቱ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። በሳሙናም ቶሎ አይለቅም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ልናገር። ከእኔ ጋር የወጣው የጎረቤት ልጅ ከጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ “ጋሼ፣ እዚህ ደግሞ ትልልቅ አጋም አለ!” ብሎ ተጣራ። ሄጄ ሳየው ምረንዝ ነው። በኦሮምኛ ቀራሩ የሚባለው። የአጋም የቅርብ ዘመድ ነው፣ ቤተሰባቸው አንድ ነው። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፣ እንደ አጋም ያብረቀርቃል። አበባው ነጭና ሮዝ ነው፣ መዓዛው ያምራል። ፍሬውም ሲበስል ወይን ጠጅ ወደ ጥቁር ይሄዳል። ነገር ግን መርዝ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ የሚመርዙት ከዚሁ ተክል በሚቀቅሉት ነው። ዋባይን የሚባል የልብ መርዝ አለው።

ልጁን አስቀምጬ ልዩነቱን አሳየሁት። ምረንዝ እሾህ የለውም። አጋም ግን ቀጥ ያለ ጠንካራ እሾህ አለው፣ አንዳንዱ የጣት ርዝመት ይሆናል። የምረንዝ ቅጠል ሰፋና ደንደን ይላል። የአጋም አበባ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ይሰበሰባል። የምረንዝ አበባ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይወጣል። ወተቱን አይቶ መለየት አይቻልም፣ ሁለቱም ወተት አላቸው። እሾህ ካላዩ አይልቀሙ። ሥር ገዝተው ለሚጠቀሙ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተቆፈረ በኋላ ሥሩ ላይ እሾህ የለም፤ የሚያምኑት ቆፋሪውን ብቻ ነው።

ታኅሣሥ

ፍሬውን በውኃ ውስጥ በእጄ አፍርጬ በወንፊት አጠብኩት። ሥጋው ካልወጣ ይሻግታል፣ ጉንዳንም ይስባል። ዘሩን ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ጥላ ውስጥ ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ብቻ አቆየሁት። የሚፈላ ውኃ ውስጥ መንከርም ሆነ መፋቅ አያስፈልገውም። ትኩስ ዘር ከተዘራ ይበቃል።

አፈሩ ላይ ግን አስቤበታለሁ። ጅማ ውስጥ የቡና ችግኝ የሚያፈላ ሁሉ የደን አፈርና ኮምፖስት መቀላቀል ያውቃል። ቡና እርጥበት ይወዳል። አጋም ያንን አፈር እንደ ቡና አይወደውም። ስለዚህ አሸዋውን አበዛሁት፦ ሁለት እጅ የደን አፈር፣ ሁለት እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት። የችግኝ ፕላስቲኮቹን ሞልቼ ከመሬት ከፍ ባለ የቀርከሃ አልጋ ላይ ደረደርኳቸው። ከታች አየር ይገባል፣ ውኃም አይተኛም። ዘሩን የጥፍር ውፍረት ያህል ብቻ ቀበርኩት። ከላይ ደረቅ ሣር ጉዝጓዝ አደረግኩ።

ጥር

ወጥተዋል! መጀመሪያ አንገቱ ታጥፎ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ ቅጠሎች ይከፈታሉ። ጉዝጓዙን አነሳሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጣም። ዘግይቶ የሚወጣውን “ሞቷል” ብሎ ፕላስቲኩን መድፋት አያስፈልግም።

ችግኙ ገና በልጅነቱ እሾህ የለውም። ስለዚህ ዘሩ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ማወቅ እዚህም ያስፈልጋል።

የካቲት

ዝናብ ቀደም ብሎ ጀመረ። ከመደቡ መሃል ያሉት ችግኞች መውደቅ ያዙ። ምልክቱ አንድ ዓይነት ነው። ከአፈሩ ጋር የሚገናኘው አንገት ይጠቁራል፣ ይቀጥናል፣ ከዚያ ችግኙ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይተኛል። የቡና ችግኝ አፍልቶ የሚያውቅ ሰው ይህን በሽታ ያውቀዋል። እርጥበት ሲበዛና አየር ሲያንስ የሚመጣ ሻጋታ ነው።

ያደረግኩት ይህ ነው። የታመሙትን ከነአፈራቸው አውጥቼ አራቅኩ። ፕላስቲኮቹን አራርቄ ደረደርኩ። ጥላውን አሳሳሁት። ውኃ የማጠጣው ጠዋት ብቻ ሆነ፣ እሱም አፈሩ ላዩ ደርቆ ሲገኝ ነው። ከላይ ደረቅ አሸዋ ነሰነስኩ። መውደቁ ቆመ። መድኃኒት አልረጨሁም፣ አላስፈለገምም።

እስካሁን ያየሁት ይህን ነው፦ አጋምን ጅማ ላይ የሚገድለው ፍቅር ነው። ሰው ችግኝ ሲወድ ውኃ ያበዛል።

መጋቢት

ሐሙስ ገበያ ሄጄ የባህል መድኃኒት ከሚሸጡት ዘንድ ተቀመጥኩ። የአጋም ሥር በእቅፍ ታስሮ አለ። ቅርፊቱን በጥፍር ሲልጡት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጠንካራ ሽታ ይወጣል። ከአንዴ በላይ ያሸተተው ሰው አይረሳውም።

“እማማ፣ ሰው ለምን ለምን ይወስደዋል?” አልኳቸው ሻጯን።

“ለሆድ ቁርጠት ያኝኩታል። ለቡዳ ያጥኑታል። ለወገብና ለመገጣጠሚያም አለ። ጨብጥ የያዘው ጎረምሳ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል” አሉኝ።

“ከየት ነው የሚመጣው?”

“ድሮማ ከዚሁ ከዳገቱ ነበር ልጄ። አሁን ሩቅ ነው። ወደ ሰኮሩ፣ ወደ ግቤ በረሃ ወርደው ነው የሚያመጡልኝ።”

ይህን ሲሉኝ ሥራዬ ልክ መሆኑ ታየኝ። እናትየው ሥር መሸጥ አይተዉም፣ እንዲተዉም አልመኝም። ኑሯቸው ነው፣ እውቀታቸውም ነው። ሥሩ ግን ከተተከለ አጋም እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል።

መድኃኒትነቱን በተመለከተ ያወቅኩትን ልጻፍ። የአጋም ሥር አጠቃቀም የእኛ ብቻ አይደለም። ኬንያ ውስጥ ማሳዮች ሥሩን ከሥጋ ሾርባ ጋር ይቀቅሉታል። ሥሩን ጣራ ላይ ቢሰኩት እባብ ያርቃል የሚል እምነት በሌሎች የአፍሪካ አገሮች አለ። ሳይንሱም ነካክቶታል። በ2004 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ከሥሩ ቅርፊት የተወሰደው ንጥር በአይጦች ላይ ሽንት አብዝቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከኬንያ የተወሰደ የአጋም ሥር ንጥር የሄርፒስ ቫይረስን በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ እንደተቋቋመ አሳይቷል። ሁለቱም ደስ የሚሉ ውጤቶች ናቸው። ነገር ግን አይጥ ላይ የታየ ነገር ለሰው መጠኑ ታውቋል ማለት አይደለም።

በሁለት ነገር ላይ ደግሞ አልለዝብም። አንደኛ፣ ጨብጥ በአጋም ሥር ተሸፋፍኖ የሚታለፍ በሽታ አይደለም። በጊዜ ካልታከመ መካንነት ያመጣል፣ ወደ ትዳር ጓደኛም ይተላለፋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ አንቲባዮቲክ መውሰድ ነው። አንገት የሚያስደፋ ነገር የለውም። ሁለተኛ፣ የአጋም ቤተሰብ ልብን የሚነኩ ንጥረ ነገሮች ያሉበት ቤተሰብ ነው፤ በአጋም ቅርንጫፍ ውስጥም ተገኝተዋል። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ትንሽ ልጅ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሥሩን ባይነካው ይሻላል። ፍሬው ሌላ ጉዳይ ነው። የበሰለው ፍሬ ምግብ ነው፣ ልጆች ከጥንት ጀምሮ ሲበሉት ኖረዋል።

ሚያዝያ

ከዘር ጎን ለጎን ቁርጥራጭም ሞከርኩ። እርሳስ የሚያህል፣ ግማሽ የጠነከረ ቅርንጫፍ ነው የሚመረጠው። ሲቆረጥ ወተቱ ይፈሳል። ወተቱ እስኪረጋ ጥላ ውስጥ አቆይቼ አሸዋ ላይ ሰካሁት። አብዛኛው ቅጠሉን አራግፎ ቀረ፣ ጥቂቱ አቆጠቆጠ።

የተሻለው ዘዴ ቅርንጫፉን ሳይቆርጡ መቅበር ነው። አዛውንቱ ጎረቤቴ ግቢያቸው ጥግ ላይ አንድ ያረጀ አጋም አላቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ወደ መሬት አጎነበስኩት። ከታችኛው ጎኑ ትንሽ ቅርፊት ላጥኩ፣ አፈር አለበስኩት፣ ድንጋይ ጫንኩበት። ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ቀረ። ከእናቱ እየጠባ ራሱ ሥር ያወጣል።

“አባባ፣ ለክረምት ሥር ካበጀ ግማሹን ለእርስዎ እተክልልዎታለሁ” አልኳቸው።

“ለእኔ? እኔማ ይህንንም ላስቆርጠው ነበር። ቁልቋሌን ሲወጋብኝ ኖረ” አሉ። እውነታቸውን ነው። አጋሙ አጠገብ የቆመው ቁልቋል ላይ እሾህ የወጋበት ቦታ ሁሉ ወተቱ ወርዶ ደርቋል። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የሚባለውን በዓይኔ አየሁት። አጥሬ ላይ ቁልቋል የለም፣ ለማንኛውም።

ሐምሌ

ተከላ። ችግኞቹ አጫጭር ናቸው። አጋም በልጅነቱ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ በዚህ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። ከመተከሉ በፊት ጥላውን ጨርሼ አንስቼ ፀሐይና ዝናብ አላመድኳቸው።

ጉድጓድ ቆፍሮ መትከል የለመድነው ውኃ ለመያዝ ነው። ደረቅ አገር ላይ ትክክል ነው። ቀይ ሸክላችን ላይ ግን ጉድጓዱ ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ በአጥሩ መስመር ርዝመቱን የሄደ የአፈር ጉብታ ሠራሁ፣ ከጉልበት ዝቅ ያለ። ከላይኛው ጎኑ ጎርፉን የሚያሳልፍ ቦይ ቀደድኩ። ችግኞቹን ጉብታው ጫፍ ላይ በሁለት ረድፍ፣ ዘግዛግ አድርጌ ተከልኩ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግማሽ ሜትር ያህል ነው። የአንዱ ረድፍ ክፍተት በሌላው ረድፍ ችግኝ ይሸፈናል። ሲያድጉ ዶሮም አታልፍም።

የአባባ ቅርንጫፍ ሥር አበጅቷል። ከእናቱ ቆርጬ አዛወርኩት። ግማሹን ለእሳቸው እንዳልኩት ተከልኩላቸው። አሁን ላስቆርጠው አይሉም፤ ጠዋት ጠዋት ሄደው ያዩታል።

ነሐሴ

ዝናቡ አልለቀቀም። ቦዩ ሁለቴ ተደፍኖ ጠርጌዋለሁ። ጉብታው ላይ ያሉት ደህና ናቸው። መስመሩ መጨረሻ ላይ መሬቱ ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ። እዚያ ያሉት ቅጠላቸው ቢጫ ሆኗል። አንዱን ነቅዬ ሥሩን አየሁት። ጫፉ ቡናማ ሆኖ ለስልሷል፣ ሲጎተት ልጣጩ ይለቃል። እዚያ አፈር ጨምሬ ጉብታውን ከፍ አደረግኩ። ከሥራው ሁሉ ጅማ ላይ አጋም ለሚተክል ሰው የምለው ዋናው ነገር ይኸው ነው። ለአፈሩ ልስላሴ ሳይሆን ለውኃው መውጫ ይጨነቅ።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ፍየል ገብታ ለጋውን ቀንጥሳለች። አጋም ለፍየል ምግብ ነው። እሾሁ እስኪጠነክር ሌላ እሾህ ያስፈልገዋል። ቆንጥር አምጥቼ ዙሪያውን አጠርኩበት። የተበሉት ከሥር እንደገና አቆጥቁጠዋል፣ ከአንድ ግንድ ሁለትና ሦስት ሆነው። ለአጥር ይህ ጥሩ ነው። መቀንጠብ ያጠብቀዋል።

ኅዳር

ከዳገቱ ቁጥቋጦዎች ፍሬ ለቅሜ ማርማላታ ሠራሁ። ፍሬው በትንሽ ውኃ ይቀቀላል፣ ዘሩ በወንፊት ይወጣል፣ ስኳርና የሎሚ ጭማቂ ተጨምሮ ቀስ ብሎ ይበስላል። የፍሬው ወተት ድስቱ ጠርዝ ላይ ሙጫ ሆኖ ስለሚቀር ያረጀ ድስት መጠቀም ነው። ቀለሙ ጥቁር ቀይ ነው። ልጆቹ ዳቦ ላይ ቀብተው ጨረሱት። የተቀቀለ ዘር አይበቅልምና ለመዝራት የሚሆነውን ሳይቀቀል ቀድሜ ለይቻለሁ።

ጥር

ዝናብ ከቆመ ቆየ። ከአጥሩ ማዶ የቡናው ቅጠል ቀትር ላይ ይጠወልጋል። አጋሙ ግን ምንም አልሆነም። ከኅዳር ወዲህ ውኃ አላጠጣሁትም። አንዱ አጠገብ በጥንቃቄ ቆፍሬ አየሁ። ከላይ የክንድ ያህል እንኳ ያልደረሰ ተክል ዋና ሥሩ ከቁመቱ በላይ ወርዷል። እሾሁም ጠንክሯል፣ እጄን ጭሮኛል። የቆንጥሩን አጥር ማንሳት እችላለሁ።

ሰኔ

ጫፋቸውን ቆረጥኩ፣ እንዲሰፉ። የአባባ ቅርንጫፍ አበባ ይዟል፤ ውጭው ሮዝ፣ ውስጡ ነጭ። ንቦቹ ከጠዋት ጀምሮ አሉበት።

ለሐሙስ ገበያዋ እማማ ችግኝ ወስጄላቸው ነበር። ሴት ልጃቸው ግቢያቸው ዳር ተክላዋለች። ስለ ሥር አወጣጥ የተስማማነው እንዲህ ነው። ተክሉ ጎልምሶ ፍሬ ሳይሰጥ አይነካም። ከዚያም የሚወሰደው የጎን ሥር ነው፣ ከአንድ ወገን ብቻ፣ በዝናብ ጊዜ፣ ጉድጓዱም ወዲያው ይደፈናል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ተክል ይረፍ፣ ሌላው ይነካ። ዋናው ሥር አይቆረጥም። “እስከዚያ ከዚህ ዓለም ካለሁ” አሉ። “ልጅዎ አለች” አልኳቸው።

በኅዳር የለየሁት ዘር በቅሎ ሁለተኛው ዙር ችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ቆሟል። አሸዋውን ስላበዛሁት መውደቅ አልታየበትም። የምሥራቁ ጎን ጉብታና ቦይ ተሠርቷል። ዝናቡ ሲረጋ እዚያ ይተከላል።